ሐሙስ፣ ከሚስማር መደብሩ ጓዳ

ከፓይሳንዱ ቁልቁል፣ በኡራጓይ ወንዝ ዳር፣ ሚዛን ልጠግን ከሩፊና ሱቅ፣
ሚስማር በኪሎ ከምትሸጥበት፣ ቀለም፣ ገመድ፣ የብረት ሳንዱቅ።
መርፌዋ ዜሮን ጠልታ፣ ሃያ ግራም እየዋሸች፣
ፈታትቼ ስጠርጋት ጀምበር ከወንዙ ማዶ ሸሸች።

ከጓዳ ጩኸት ሰማሁ። ጠብ መሰለኝ፤ መፍቻዬን ይዤ ዘለቅሁ፤
ልገላግል የገባሁት ሰውዬ ደጃፉ ላይ ደረቅሁ፦
አምስቱ በወንበር፣ ስድስተኛው ባልዲ ገልብጦ፣
ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ዐይኑ ፈጦ፣
«ሳንጨርሰው ከምንሞት፣ አጭሩን እንምረጥ!» ይላል፤
ጥርስ ሐኪሙ ኤቫሪስቶ ነው፤ ቸኩሎ ያነባል፣ ቸኩሎ ይነቅላል።

ኢልደፎንሶ፣ የባቡር ጣቢያው ጡረተኛ፣
የጨው ቀረጥ ታሪክ ይላል፣ ሺህ ገጽ፣ ቅጽ አንደኛ።
ባቡሩ ከቆመ ሠላሳ ዓመቱ፣ እሱ ሰዓቱን ዛሬም ይሞላል፤
«መጽሐፍ እንደ ጭነት ነው፤ ካልከበደ ማን ይቀበላል?»
ፖስታ አዳይዋ ኔሊዳ ግን የፍቅር ታሪክ አለች፣ ፈገግ ብላ፤
«የሰው ደብዳቤ አርባ ዓመት ተሸክሜ፣
አንዱን እንኳ ሳልከፍት ስንት ጫማ ጨረስኩ ደክሜ፤
እስኪ አንድ የተከፈተ ደብዳቤ ልይ በቀረኝ ዕድሜ!»
ጎረምሳው ብራውሊዮ ለብስኩቱ ነው የሚመጣው፤
መምህርት ማሪሶል ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ እሱንስ ማን ሊያነበው?

ማቴው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ባንድ ብረት ቀሰም፣ ባንድ ቅል፤
ቀሰሙ አፉ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው ለጊዜው ዝም የሚል።

ዞር ብለው አዩኝ። «አንተስ፣ ምን ይነበብ ትላለህ?»
«እኔማ ሚዛን ጠጋኝ ነኝ።» «ታዲያ፣ መመዘን ታውቃለህ!»
ሩፊና ባልዲ ሰጠችኝ። እንዲህ ነው የገባሁት፣
ያለ ማመልከቻ፣ ገልብጬ የተቀመጥኩት።

የኢልደፎንሶን መጽሐፍ ለቀልድ ሚዛን ላይ አወጣሁት፤
ኪሎ ከስድስት መቶ። የኔሊዳን ሁለት መቶ አርባ አገኘሁት።
ሳቁ። ኢልደፎንሶ አልሳቀም። መጽሐፉን በሻርፑ ጠቅልሎ፣
«ሳታነብ አትመዝን» አለኝ፣ ጭኔ ላይ ጥሎ።

እውነቱን ልናገር? ያነበብኩት ልረታው ነበር።
ስህተት ስለቅም፣ የጎደለ ቁጥር ስቆጥር፣
ገጽ ዘጠና ላይ አንድ ጨው መዛኝ አገኘሁ፣
ስም የለው፤ በግማሽ መስመር ሲያልፍ አየሁ።
ለመበለቶች ሲመዝን በድንጋዩ በኩል ጣቱን ያሳርፍ ነበር፤
ተያዘ፤ ተባረረ። ከዚያ ወሬው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ድንበር።
ይመለስ ይሆን ብዬ አራት መቶ ገጽ ተከተልኩት፤
ሌሊት ነው፤ ሾርባዬ ቀዝቅዟል፤ ጠበቅኩት።
አልተመለሰም።

በአራተኛው ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ።
አፌን ስከፍት ቀደመኝ ኢልደፎንሶ፦
«የኔሊዳን መጽሐፍ…» ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ልነቅፈው ነበር ያነበብኩት፤
ልጅቷ ጣቢያው ላይ ስትጠብቅ፣ ያቺ ሦስተኛዋ ምሽት…»
መነጽሩን አወለቀ። ጣቢያ ያውቃል እሱ፤
ስንቱን አይቷል፣ ጠብቆ ሲያጣ፣ ባዶውን ሲሆን መመለሱ።

እኔ ደግሞ ለጨው መዛኙ ጥብቅና ቆሜ ተገኘሁ፤
«ወፍራሙ ይመረጥ!» ብዬ ስጮኽ ራሴን ሰማሁ።
ኔሊዳ፣ «እኔም ሰርቄ አነበብኩት፤ ረጅም ነው፤ ግን…» አለች፤
ማሪሶል፣ «በቃ፣ ድምፅ እንስጥ» ብላ ለመነች።
ለወፍራሙ ሚስማር፣ ለቀጭኑ ብሎን፣ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ጣልን፤
ሦስት ሚስማር፣ ሦስት ብሎን፣ አንድ የሰው ጥርስ ቆጠርን።
ኤቫሪስቶ ሳይስቅ፣ «አጭሩን ብያለሁ» አለን።

እስካሁን አልመረጥንም፤ ይኸው ዘጠነኛ ሐሙስ።
ሚዛኑ ድኗል፤ ንቅንቅ የለም፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።
እኔ ግን መፍቻዬን ይዤ «ትንሽ ይቀረዋል» እላለሁ፤
ሩፊና ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስትመዝንበት እንደዋለች አያለሁ።
ባልዲውን እየገለበጠች፣ «እንግዲያማ» ትለኛለች፣
«በሚመጣውም ሐሙስ እየው።»
መርፌዋ ዜሮ ላይ ቆማለች።